የሩይስዳል «የአይሁድ መቃብር»፦ ሐዘኑ ከየት ይመጣል?

የሸራ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ አንድ የቆየ የመልክዓ ምድር ሥዕል እንድንነጋገር እፈልጋለሁ። ሥዕሉ የሆላንዳዊው ያኮብ ቫን ሩይስዳል «የአይሁድ መቃብር» ነው። ሰዓሊው በዚህ ርእስ ሁለት ሥዕሎች ሠርቷል፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. የ1650ዎቹ አጋማሽ ሥራዎች ናቸው። አንዱ በጀርመን ድሬስደን፣ ሌላው በአሜሪካ ዲትሮይት ይገኛል። ሩይስዳል ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር።

ላላያችሁት፦ በመካከል ጥቂት የድንጋይ መቃብሮች አሉ፤ አንዱ ነጭ ነው፣ ብርሃኑም እዚያ ላይ ያርፋል። ከኋላቸው ዛፍ የከበበው ትልቅ የሕንፃ ፍርስራሽ ቆሟል። በቀኝ በኩል ቅርፊቱ የነጣ ደረቅ ዛፍ ቅርንጫፎቹን ዘርግቶ አዘንብሏል። ከፊት ለፊት ውሃ በድንጋይና በወደቀ ግንድ መካከል ይወርዳል። ሰማዩን ጥቁር ደመና ሞልቶታል፤ በግራ በኩል ቀስተ ደመና ይታያል።

ስለዚህ ሥዕል ያነበብሁት ሁሉ ማለት ይቻላል የምልክት ዝርዝር ነው። ደረቁ ዛፍ ሞት ነው፤ ፍርስራሹ ያለፈ ዘመን ነው፤ ውሃው የማይመለስ ጊዜ ነው፤ ቀስተ ደመናው ተስፋ ነው። ዝርዝሩ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ሥዕሉን ስናይ ደረታችን ላይ የሚያርፈውን ክብደት አይገልጸውም። ማስረጃዬ ሁለቱ ሥዕሎች ራሳቸው ናቸው። ዛፉ፣ መቃብሩ፣ ፍርስራሹ፣ ውሃው፣ ቀስተ ደመናው በሁለቱም አለ። ድባባቸው ግን ይለያያል። የድሬስደኑ ይጫናል፣ ያፍናል። የዲትሮይቱ ያዘነ ሆኖ ሳለ መተንፈሻ ይሰጣል። ስሜቱን የሚያመጡት ምልክቶቹ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር እንዲሰማን ባደረጉ ነበር። ስለዚህ እኔ ድባቡን የምፈልገው በቅንብሩ ውስጥ ነው፦ ምን የት ተቀመጠ፣ ብርሃኑ ምንን መረጠ፣ ዓይን በየት ገብቶ በየት ይወጣል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቅኔ ወዳድ

አሳብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ምልክቶቹን እንዲህ በቀላሉ መግፋት አይገባም። ሥዕሉን መጀመሪያ ያዩት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳውያን ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስን በየቤታቸው የሚያነቡ ሰዎች። ቀስተ ደመና ሲያዩ የኖኅን ቃል ኪዳን ለማስታወስ አስተማሪ አያሻቸውም ነበር። የሥዕሉ ሰም መቃብር ነው፤ ወርቁ የሰው ዕድሜ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሰሙአቸው ነበር። እኛ ዛሬ በዝርዝር መልክ ስላነበብናቸው ብቻ ምልክቶቹ ደረቅ መስለው ይታዩናል።

ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተም ይህን ተገንዝቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1816 ያሳተመው ጽሑፍ ርእሱ ራሱ «ሩይስዳል እንደ ባለቅኔ» የሚል ነው። በድሬስደን ያሉ ሦስት የሩይስዳል ሥዕሎችን ወስዶ ይተነትናል፤ ሦስተኛው ይህ መቃብር ነው። ስለ መቃብሮቹ ሲናገር፣ ፈርሰው ሳሉ የራሳቸው መቃብር ሆነዋል የሚል አሳብ አለው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ሥዕሉ ይከፈትልኛል። መቃብር የተሠራው ሟቹ እንዳይረሳ ነው፤ እዚህ ግን አስታዋሹ ራሱ እየተረሳ ነው። ይህን ሐዘን የብርሃን አቀማመጥ ብቻውን ሊሰጠን አይችልም። ድንጋዮቹ መቃብር መሆናቸውን ማወቅ አለብን።

የደመና ጓደኛ

ጎተ ከተጠራ ዘንድ ኮንስታብልም ይጠራ። እንግሊዛዊው ሰዓሊ ጆን ኮንስታብል የሩይስዳልን ሥዕሎች በገዛ እጁ የቀዳ፣ እጅግም የሚያከብረው ሰው ነበር። በ1830ዎቹ ስለ መልክዓ ምድር ሥዕል ባሰማቸው ንግግሮች ውስጥ ግን ይህን ሥዕል ነቅፎታል። የነቀፋው ፍሬ ነገር፣ ሩይስዳል ሥዕል ሊናገረው የማይችለውን ለመናገር ሞክሯል የሚል ነው። ፍርስራሹ እርጅና፣ ውሃው የሕይወት ጉዞ፣ ገደሉ የሕይወት አደጋ ነው ይሉናል፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ ከሥዕሉ እንዴት ልናገኘው እንችላለን? ብሎ ይጠይቃል።

በዚያው ንግግር ውስጥ የሌላ የሩይስዳል ሥዕል ምስጋና አለ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ያንን ነው። የክረምት ሥዕል ነው፤ በረዶ አለ፤ በመካከል ሁለት የነፋስ ወፍጮዎች ቆመዋል። የአንዱ ሸራ ተጠቅልሏል፤ ፊቱም ሥራ ባቆመበት ጊዜ ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ እንደዞረ ቀርቷል። የሌላው ሸራ ተዘርግቷል፤ ፊቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል። ነፋሱ ተቀይሯል ማለት ነው። በዚያው በኩል ደመናው እየተከፈተ ነው፤ የሰማዩ ፍካት አቅጣጫው ደቡብ መሆኑን ይነግራል። ኮንስታብል ከዚህ ተነሥቶ በረዶው ሳይነጋ መቅለጥ ይጀምራል ይላል፤ ሩይስዳል የሚሥለውን ነገር ያውቅ ነበር ብሎም ይደመድማል።

ልዩነቱ ይታያችሁ። በክረምቱ ሥዕል ውስጥ ታሪኩን የሚነግረን ነፋሱ ነው፤ ማንም ሊያየው ይችላል። በመቃብሩ ሥዕል ውስጥ ግን ታሪኩን የሚነግረን ከአጠገባችን የቆመ አስረጂ ነው። እኔ ከኮንስታብል ጋር ነኝ።

አድማስ

ስለ ቦታው ትንሽ ልጨምር፤ ክርክሩን የሚረዳ ይመስለኛል።

መቃብሩ እውነተኛ ነው። ከአምስተርዳም በስተ ደቡብ፣ በአምስቴል ወንዝ ዳር፣ ኦውደርከርክ በተባለ ቦታ ይገኛል። የአምስተርዳም ፖርቱጋላውያን አይሁድ መሬቱን የገዙት እ.ኤ.አ. በ1614 ነው። ሩይስዳል እዚያው ሄዶ መቃብሮቹን ነድፏቸዋል፤ ንድፎቹ ዛሬ በሃርለም በቴይለርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ነጩ መቃብር የኤልያስ ሞንታልቶ ነው። ሞንታልቶ የፈረንሳይ ንግሥት የነበረችው የማሪ ደ ሜዲቺ ሐኪም ነበር፤ በ1616 በፈረንሳይ ምድር ሞቶ አስከሬኑ ወደ ኦውደርከርክ ተወስዶ ተቀበረ። በሥዕሉ ላይ ያሉት የመቃብር ድንጋዮች ዛሬም በቦታቸው አሉ።

የቀረው ሁሉ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ኦውደርከርክ ሜዳ ነው፤ ኮረብታ የለውም። እንዲህ በድንጋይ መካከል እየተገፋ የሚወርድ ውሃም የለውም። ፍርስራሹ በሰሜን በኩል ካለው ከኤግሞንድ አካባቢ የተወሰደ ነው። በዚህ ላይ መቃብሩ በተሣለበት ጊዜ ከተከፈተ ገና 40 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። አዲስ መቃብር ነበር! እርጅናውን ያመጣለት ሩይስዳል ነው።

ይህ ሰዓሊ ከዚያ በፊትም እንዲህ አድርጓል። በጀርመን ድንበር ያለውን የቤንትሃይም ግንብ ሲሥል፣ ግንቡ የቆመበትን ዝቅተኛ ጉብታ ወደ ተራራ ከፍ አድርጎታል። በ1653 የሠራውና ዛሬ በደብሊን ያለው ሥዕል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

የሸራ ዳር

አድማስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያመጡት ነገር ለክርክሬ ዋና ድጋፍ ነው። ሩይስዳል እውነተኛ መቃብሮችን ወስዶ ከሌላ ቦታ በመጡ ነገሮች ከበባቸው። ሐዘኑን ኦውደርከርክ ላይ አላገኘውም፤ ገነባው። እንግዲህ እንዴት እንደገነባው እንይ።

ከመጠኑ ልጀምር። የድሬስደኑ ሥዕል ቁመቱ 84፣ ወርዱ 95 ሴንቲ ሜትር ነው። ወርዱ ከቁመቱ የሚበልጠው በ11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከካሬ ብዙ አይርቅም። የዲትሮይቱ ቁመቱ 142፣ ወርዱ 189 ያህል ነው፤ ወርዱ ቁመቱን በሲሶው ይበልጠዋል። በኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ስናያቸው እኩል ይመስላሉ እንጂ በስፋት የዲትሮይቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ካሬ መሳይ ሸራ ዓይንን ወደ ጎን አያስሮጥም። ወደ ግራ ብንሄድ ጠርዙ ቶሎ ይደርሳል፤ ወደ ቀኝ ብንሄድ ደረቁ ዛፍ ይመልሰናል፤ እንደገና ነጩ መቃብር ላይ ነን። በሰፊው ሸራ ላይ ግን ፍርስራሹም ዛፎቹም ሰማዩም ቦታ አላቸው፤ ዓይን ከመቃብሩ ተነሥቶ ዞር ብሎ መምጣት ይችላል። ያ ነው መተንፈሻ ያልሁት።

ሁለተኛው ነገር አድማሱ ነው። የሆላንድ ሰዓሊዎች የለመዱት አድማስ ዝቅተኛና ክፍት ነው፤ ሩይስዳል ራሱ በዚህ የተካነ ነው። እዚህ ግን አድማሱን በፍርስራሽና በዛፍ ዘግቶታል። ሩቅ የሚባል ነገር ነፍጎናል። ሩቅ በሌለበት ሥዕል ውስጥ መሄጃ የለም፤ ያለን አማራጭ መቆየት ብቻ ነው።

ሦስተኛው መግቢያው ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ከታችኛው ጠርዝ የሚነሣ መንገድ ይሰጡናል፤ በእሱ ላይ እየተራመድን እንገባለን። እዚህ ከፊታችን የምናገኘው ውሃና ስብርባሪ ነው። ከመቃብሩ ፊት ቆመናል፤ ግን ማንም ግቡ አላለንም።

ይህን ሁሉ ለመረዳት የኖኅን ታሪክ ማወቅ አያስፈልግም። ቅኔ ወዳድ ሆይ፣ ድንጋዮቹ መቃብር መሆናቸውን ማወቅ አለብን ላሉት ግን እስማማለሁ። ይህን ያህሉን ሥዕሉ ራሱ ይነግረናል።

ጀማሪት

ሁሉንም በጥሞና አነበብሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ብርሃኑ ምንን መረጠ ሲባል በተግባር እንዴት ይታያል? እኔ ሥዕሉን ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ደረቁ ዛፍ ነው እንጂ ወደ መቃብሩ አይደለም።

ከሰል

እኅቴ፣ ዓይንሽ ትክክል ነው። ዛፉም ብሩህ ነው፤ ሩይስዳል ሆን ብሎ ሁለት ብሩህ ነገሮች አስቀምጧል። ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ፣ ዝርዝሩ እስኪጠፋ ድረስ ሥዕሉን ተመልከቺው። ቅጠሉም ድንጋዩም ይጠፋል፤ የሚቀረው ትልቅ ጨለማና በውስጡ ጥቂት ነጫጭ ቦታዎች ናቸው። አንዱ ነጭ ቦታ የተዘረጋ፣ የተሰባበረ፣ ያዘነበለ ነው፤ ያ ዛፉ ነው። ሌላው ዝቅ ያለ፣ የተረጋጋ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ያ መቃብሩ ነው። ዛፉ ይጮኻል፤ መቃብሩ ዝም ይላል። ዓይን መጀመሪያ ወደሚጮኸው ይሄዳል፤ የሚያርፈው ግን ዝም ካለው ላይ ነው።

አሁን በአውራ ጣትሽ ዛፉን ሸፍኚው። ሥዕሉ ወዲያው ሰላማዊ ይሆናል፤ ያረጀ ግቢ ይመስላል። ጣትሽን አንሺና በምትኩ ነጩን መቃብር ሸፍኚ። አሁን ደግሞ ማዕበል ብቻ ይቀራል፤ አስፈሪ ነው፣ አሳዛኝ ግን አይደለም። ሐዘኑ ያለው በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ነው። የሥዕል ሥራ የማስተምር ሰው ብሆን ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማሠራቸው ይህን ነበር፤ ከመጽሐፍ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ጀማሪት

አደረግሁት። ዛፉን ስሸፍን በእውነት ሌላ ሥዕል ሆነ። አመሰግናለሁ።

ብርሃን ቆጣሪ

እኔ የፊዚክስ ሰው ነኝ፤ ስለ ቀስተ ደመናው ልናገር። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ ስትሆን ነው። የቅስቱ መሃል ከፀሐይ ትክክል ተቃራኒ ነው፤ ከዚያ መሃል እስከ ቅስቱ ያለው ማዕዘን 42 ዲግሪ ያህል ነው። ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ42 ዲግሪ ከፍ ካለች፣ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ቀስተ ደመና አይታየውም። ስለዚህ ሥዕሉን ካመንነው፣ ሰዓቱ ጧት ወይም ወደ ማታ ነው፤ ፀሐይም ከኋላችን ዝቅ ብላለች።

አሁን ዋናው ነገር። በሆላንድ የአየር ሁኔታ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። የጧት ቀስተ ደመና በምዕራብ ነው የሚታየው፤ ዝናቡ እየመጣ ነው ማለት ነው። የማታው በምሥራቅ ነው፤ ዝናቡ አልፎ እየሄደ ነው ማለት ነው። የደመና ጓደኛ በጠቀሱት የክረምት ሥዕል ላይ ወፍጮዎቹ አቅጣጫውን ይነግሩናል። እዚህ ግን ጧት ይሁን ማታ የሚለይ ምንም ምልክት የለም። ማዕበሉ እየመጣ ይሁን እየሄደ ሥዕሉ አይነግረንም።

የደመና ጓደኛ

ይህ በጣም ጥሩ ነጥብ ነው። ለእኔ ግን የኮንስታብልን ነቀፋ የሚያጠናክር ነው። በክረምቱ ሥዕል ሩይስዳል ሰማዩን አንብቦታል፤ እዚህ ሰማዩን ተጠቅሞበታል።

ቅኔ ወዳድ

እኔ ደግሞ በተቃራኒው አየዋለሁ። የብርሃን ቆጣሪ ማብራሪያ ምልክቱን ገና አሁን ሕያው አደረገልኝ። ቀስተ ደመናው ተስፋ ነው ብለን ዘግተነው ነበር። አሁን ግን ዝናቡ ያለፈ እንደሆነ ተስፋ ነው፤ ገና የሚመጣ እንደሆነ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። በሁለቱም ሥዕሎች ላይ ቀስተ ደመናው አንድ ነው፤ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚወስነው ግን በዙሪያው ያለው የደመና ክብደት ነው። በድሬስደን ጨለማው ሊውጠው የደረሰ ይመስላል። በዲትሮይት ጨለማው ያፈገፈገለት ይመስላል። ስለዚህ የሸራ ዳር፣ እርስዎና እኔ የምንጣላበት ነገር እያነሰ ነው፦ ምልክቱ ጥያቄውን ያቀርባል፤ ቅንብሩ መልሱን ያዘነብለዋል።

የሸራ ዳር

በዚህ አነጋገር እስማማለሁ። «ሐዘኑ የሚመጣው ከምልክቱ ነው» ከሚለው ይልቅ ይህ ሥዕሉን ያከብረዋል።

ዝቅተኛ አድማስ

ሁላችሁም ሥዕሉን ስለወደዳችሁት፣ የማልወደው ሰው ልናገር። ብዙ ነገር ተጭኖበታል። ፍርስራሽ፣ ደረቅ ዛፍ፣ መቃብር፣ ማዕበል፣ ቀስተ ደመና፤ እያንዳንዱ ለብቻው አንድ ሥዕል ይበቃዋል። ሰዓሊው አላመነንም፤ እንዳናዝን ፈርቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አፈሰሰብን።

ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ የሠራውን «የሃርለም እይታ» ተመልከቱ፤ በሄግ በማውሪትስሃውስ ሙዚየም ያለውን። ቁመቱ 55.5፣ ወርዱ 62 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ሦስተኛው ሰማይ ነው። ከታች የተልባ እግር ጨርቅ እንዲነጣ ሣር ላይ ተዘርግቷል፤ በአድማሱ ላይ ከተማው ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ ከመስመሩም የቅዱስ ባቮ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ጎላ ብሎ ይወጣል። ፀሐይ በደመናው ቀዳዳ ገብታ እዚህ አንድ ሜዳ፣ እዚያ አንድ ጣሪያ ታበራለች። መቃብር የለም፤ ፍርስራሽ የለም፤ የሞተ ዛፍ የለም። ሆኖም እኔ ያ የብርሃን ቁራጭ ከሜዳው ላይ ሊያልፍ መሆኑን ሳስብ የሚሰማኝ ሐዘን፣ ከመቃብሩ ሥዕል ሁሉ የጠለቀ ነው። ሩይስዳል በ1682 ሲሞት የተቀበረውም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ሲሥለው ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ድባብ በቅንብር ብቻ እንደሚቆም ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ምስክሩ ይህ ሥዕል ነው።

አድማስ

«ብዙ ተጭኖበታል» በሚለው በከፊል እስማማለሁ። ሆኖም የሃርለሙ ሰማይ የተገኘው ከመቃብሩ ሰማይ በኋላ መሆኑን አንርሳ። ወጣቱ ሰዓሊ ደመናን እንደ ተዋናይ ማሠራትን የተለማመደው እንዲህ ባሉ ሥዕሎች ላይ ነው። ወደ 700 የሚጠጉ ሥዕሎች የእሱ እንደሆኑ ይነገራል፤ አብዛኞቹ መቃብር የሌለባቸው ተራ ዛፍ፣ ተራ መንገድ፣ ተራ ውሃ ናቸው።

የሸራ ዳር

ዝቅተኛ አድማስ፣ የሃርለሙን ሥዕል እኔም በጣም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሁለቱ የሚናገሩት ሐዘን አንድ አይደለም። የሃርለሙ የሚያልፍ ሐዘን ነው፤ ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ደመናው ይሄዳል፣ ብርሃኑም ይሄዳል። የመቃብሩ የማያልፍ ሐዘን ነው፤ ሁሉም ነገር ዘግቶ ይዞናል። ለዚያ ደግሞ መጫን ያስፈልገው ነበር። ሰዓሊው ነገሮቹን ያበዛው ስላላመነን አይመስለኝም፤ መውጫዎቹን አንድ በአንድ ለመዝጋት ነው። ፍርስራሹ አድማሱን ዘጋ፤ ዛፉ ቀኙን ዘጋ፤ ውሃው መግቢያውን ዘጋ። ያልተዘጋው በግራ በኩል ያለው የሰማይ ክፍል ብቻ ነው፤ ቀስተ ደመናውም የተቀመጠው እዚያ ነው።

ዝቅተኛ አድማስ

በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም። አሁንም የሃርለሙን እመርጣለሁ፤ ግን የዛፉ ቦታ ስለምን እዚያ እንደሆነ ገብቶኛል።

ጀማሪት

የመጨረሻ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ሥዕሉን በከሰል ልቀዳው አስቤአለሁ። ከየትኛው ልጀምር? ከዛፉ ወይስ ከመቃብሩ?

ከሰል

ከሁለቱም አትጀምሪ፤ መጀመሪያ ወረቀቱን በሙሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጊው። ከዚያ የጨለማውን ትልቅ ቅርጽ አስቀምጪ፦ ደመናውን፣ ፍርስራሹንና ዛፎቹን እንደ አንድ ነገር፣ ሳትለያያቸው። ነጩን መቃብርና ደረቁን ዛፍ በከሰል አትሣያቸው፤ በላጲስ ከግራጫው ውስጥ አውጫቸው። ቀስተ ደመናውን ወደ መጨረሻው አቆዪው፤ በጣም ስስ ይሁን፣ ከመቃብሩ በፍጹም እንዳይበራ። የድሬስደኑን ለመቅዳት ከካሬ ትንሽ ሰፋ ያለ ወረቀት ቁረጪ፤ የዲትሮይቱን ከፈለግሽ ደግሞ ወርዱን ከቁመቱ በሲሶ አስረዝሚው። የምትችይ ከሆነ ሁለቱንም ሥሪና ጎን ለጎን አድርገሽ እዚህ ለጥፊያቸው፤ የሸራ ዳር ያነሡት ልዩነት በአንቺ እጅ ሥራ ላይ ይወጣ እንደሆነ አብረን እናያለን።